ሦስት በር፣ አንድ ዕዳ

በጥር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲያደርጉ አገር ያስደነገጠው አንድ ቁጥር ነበር፤ 3.3 በመቶ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ጋዜጣውም ቡና ቤቱም ይህንኑ ሲያወራ ከረመ። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ጠበቃ መሆን ለሚመኝ ልጅ ግን በዚያው መግለጫ ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስብ ሌላ ቁጥር ነበር። ካለፉት ውስጥ 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ሲሆኑ ከማኅበራዊ ሳይንስ ያለፉት 6,973 ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ የመጀመሪያዎቹ 6.8፣ የኋለኞቹ 1.3 ይሆናሉ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተማሪዎቻቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ከማኅበራዊ ሳይንሱ ወገን ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመጠኑ ተሻሽሏል። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ያለፉት ጥቂት ቀንሰው 27,267 (3.2 በመቶ) ቢሆኑም፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409 (5.4 በመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 (8.4 በመቶ) ናቸው። መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም ዛሬም የሚያልፈው ከአሥራ ሁለት ተፈታኝ አንዱ ነው።

ጋምቤላ ላይ ተቀምጦ ይህንን ለሚያሰላ ቤተሰብ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። ከአዲስ አበባ በመቱና በጎሬ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከኢሉባቦር ደጋ ቁልቁል ተወርዶ ባሮ ዳር የሚደረስበት ይህ ከተማ የአኝዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች ክልል መዲና ነው። ልጁ አፉን የሚፈታው በእናቱ ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያ ክፍሎችንም በዚያው ቋንቋ የሚማር አለ። ቀበሌና ፍርድ ቤት ሲሄድ የሚያገኘው አማርኛ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ እሱ ስለሆነ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆናሉ። የታሪክና የጂኦግራፊ ጥያቄ ለእሱ አስቀድሞ የቋንቋ ጥያቄ ነው። እውቀቱ እያለው ጥያቄው ሳይገባው ነጥብ የሚጥል ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ወቅቱም አያግዝም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ተማሪው ከቀዬው ወጥቶ፣ በማያውቀው ዶርም አድሮ መፈተን አለበት። መደበኛው የፈተና ወር ሐምሌ ነው። በሐምሌ ባሮና ገባሮቹ ይሞላሉ፣ የጂካዎ፣ የላሬና የአኮቦ መንገዶች ጭቃ ይውጣቸዋል፣ አንዳንዱ ቦታ በጀልባ ካልሆነ አይወጣም። አዲስ አበባ ያለው እኩያው ጠዋት በአውቶቡስ ተሳፍሮ አራት ኪሎ ሲወርድ፣ የአኮቦው ልጅ የሚጓዘው በቀናት የሚቆጠር መንገድ ነው። ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ የወሰደው ውሳኔ ስርቆትን ለመከላከል የተወሰደ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ በመላ አገሪቱ መሰረዙን ለሚያስታውስ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሸክሙ ግን ለሁሉም እኩል አልወረደም።

ድሮ ወደ ሕግ ሙያ የሚወስደው መንገድ ሌላ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ዲኑ አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል የሕግ ዲግሪ ማለት አዲስ አበባ ማለት ነበር። ክልሎች ሲዋቀሩ የዳኛ እጥረቱ አፍጥጦ ወጣ፤ በየወረዳው የጥቂት ወራት ሥልጠና ወስደው ችሎት የተሰየሙ ብዙ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ይህንን ክፍተት ለመሙላት ክልሎች የሚልኳቸውን ሠራተኞች ተቀብሎ ሕግ ያስተምር ጀመር። እንደ ጋምቤላ ላሉት ታዳጊ ለሚባሉ ክልሎች ትልቅ በር ነበር። ሰውየው መጀመሪያ ሠራተኛ ይሆናል፣ ክልሉ ይመርጠዋል፣ ተምሮ ወደ ላከው ክልል ይመለሳል። ዛሬ አብዛኛው ወጣት ከ12ኛ ክፍል ወንበር ተነሥቶ በራሱ ነጥብ ሦስት በር ማለፍ ይጠበቅበታል፤ የ12ኛ ክፍሉን ፈተና፣ የዲፓርትመንት ምርጫውንና የመውጫ ፈተናውን።

የመጀመሪያው በር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። አገር አቀፉ የማለፊያ መቶኛ የአንድን ተማሪ ዕድል አይናገርም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች በ1,328ቱ አንድም ተማሪ አላለፈም። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ደግሞ ያስፈተኑትን አብዛኛውን አሳልፈዋል። ስለዚህ 8.4 በመቶ የሚባለው ዕድል በእውነተኛ ሰው ላይ የለም። አንዱ ዘጠና በመቶ ዕድል ይዞ ይገባል፣ ሌላው ከአንድ በመቶ በታች። ተማሪው ራሱን መመዘን ያለበት ከአገሩ ጋር ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ የቀደሙት ዓመታት ውጤትና ከራሱ የሞዴል ፈተና ነጥብ ጋር ነው። ሁለቱም ቤቱ ያሉ መረጃዎች ናቸው፣ ግን አዘውትሮ የሚጠየቀው «ዘንድሮ ስንት አለፈ?» ነው።

ከላሬ የመጣች ተማሪ ከ600 ነጥብ 270 አመጣች እንበል። ማለፊያው 300 ነው። እሷ ድጋሚ ልፈተን ወይስ ልተው ብላ መጨነቅ የለባትም፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሪሚዲያል ፕሮግራም እንደ እሷ ላለ ተማሪ የተሠራ ነው። ከ50 በመቶ በታች ካመጡት ውስጥ የተሻሉት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ይከልሳሉ። በመጨረሻ የሚያዘው ውጤት 70 በመቶው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና፣ 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከሚሰጠው ምዘና ነው፤ ከሁለቱ ድምር 50 በመቶ ያመጣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ ወደ ፍሬሽማን፣ ያልፋል። በአንድ ዓመት ፈንታ በጥቂት ወራት፣ ያውም መምህርና ቤተ መጻሕፍት ባለበት ግቢ፣ የሚገኝ የድጋሚ ፈተና ማለት ነው። ለታዳጊ ክልል ተማሪዎችና ለሴቶች የሪሚዲያል መቁረጫ ነጥቡ ዝቅ ብሎ ሲወጣ ቆይቷል። ይህ ለጋምቤላ ልጅ ካሉት ጥቂት ማካካሻዎች አንዱ ነው። 50 በመቶው መስመር ራሱ ለማንም ዝቅ አይልምና።

ከባዱ ጥያቄ የሪሚዲያል መቁረጫውን በትንሹ ላልደረሰበት ነው። እሱ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል። ዋጋው ስንት ነው? የመመዝገቢያ ክፍያውን የሚቆጥር ሰው ዋናውን ወጪ ይዘነጋል።

እዚህ ላይ ወደ ሌላ አገር ዞር ማለት ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የሕግ ትምህርት ቤት አመልካች የሚፈተነው ኤልሳት የሚባለው ፈተና ከ120 እስከ 180 ነጥብ ይሰጣል፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ይቀርባል። አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ በዕድሜው ሙሉ ሰባት ጊዜ ሊፈተነው ይችላል። እዚያ ድጋሚ መፈተን የሁለት ሦስት ወር ጉዳይ ነው። ፍርሃቱ ያለው ዕዳው ላይ ነው፤ ብዙ ተመራቂዎች ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተበድረው ይወጣሉ። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ፈተናው በዓመት አንዴ ስለሚመጣ ድጋሚው ዓመት ይበላል፤ ዕዳው ግን፣ በኋላ እንደምናየው፣ የሚቻል ነው።

አሁን ሒሳቡን እናውጣው። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደግሞ 11,500 ብር ሆኗል። ልዩነቱ በወር 5,500፣ በዓመት 66,000 ብር ነው። ሰው ከምረቃ በኋላ ሠላሳ ዓመት ይሠራል ብንል ልዩነቱ ብቻውን 1,980,000 ብር ይደርሳል። ከዚህ ላይ ለአምስት ዓመት ሲማር ያላገኘው የ6,000 ብር ደመወዝ፣ ማለትም 360,000 ብር፣ ይቀነሳል። የትምህርት ዕዳውን በግርድፉ 150,000 ብር እናድርገው። የሚተርፈው ወደ 1,470,000 ብር ነው።

ድጋሚ ለመፈተን አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ሳይሠራ የሚቀመጥ ሰው የሚያጣው በዝቅተኛው ደመወዝ ቢታሰብ 72,000 ብር ነው። 72,000ን ለ1,470,000 ሲያካፍሉት 5 በመቶ ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር እስከ ዲግሪው ድረስ የመዝለቅ ዕድሉ ከመቶ አምስት በላይ የሆነ ሰው፣ በገንዘብ ብቻ ሲታይ፣ ያንን ዓመት ቢከፍለው አይከስርም። በመንገድ ላይ የመውጫ ፈተናውም ስላለ የመጀመሪያውን በር የማለፍ ዕድሉ ወደ 8 በመቶ መጠጋት ይኖርበታል። ስሌቱ ግርድፍ ነው፤ የደመወዝ ጭማሪን፣ የኑሮ ውድነትን፣ ሥራ ፈልጎ ማጣትን አላስገባም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል። 200 ነጥብ አካባቢ ላለ ሰው አንድ ድጋሚ ያዋጣል። 120 ላመጣና የሚያጠናበት አዲስ ነገር ለሌለው አያዋጣም። ቀን እየሠራ ማታ የሚያጠና ደግሞ የሚያጣው ነገር ትንሽ ስለሆነ ዝቅ ያለ ዕድል ይዞም ቢሞክር ያዋጣዋል።

ለሁለተኛ ጊዜ የወደቀ ሰውስ? ያ ውጤት ራሱ መረጃ ነው። አንዴ መውደቅ ሕመም፣ ጭቃ፣ የተዘጋ መንገድ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ ዝግጅት፣ በተመሳሳይ ነጥብ ሁለቴ መውደቅ ስለ እውነተኛው ደረጃ ይናገራል። ሦስተኛውን ዓመት ከመክፈል በፊት መለወጥ ያለበት ነገር መኖር አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛው ነው፣ አንዳንዴም ሒሳቡ። ታሪክና ጂኦግራፊን ደግሞ ደጋግሞ መሸምደድ እንግሊዝኛ ላልገባው ብዙም አይጠቅመውም።

ሁለተኛው በር ጸጥ ያለ ነው፣ ማንም በመግለጫ አያወራለትም። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በፍሬሽማን የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ ዲፓርትመንት የሚመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሕግ ተፈላጊ በመሆኑ ቦታው የሚያዘው በፍሬሽማን ውጤትና በመግቢያ ፈተና ነጥብ ተወዳድሮ ነው። በሪሚዲያል ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ ሕግ መግባት ይመስለዋል፣ ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ የሚመደብበት ግቢም የራሱ ምርጫ አይደለም። የጋምቤላ ልጅ ደብረ ብርሃን ወይም ጅግጅጋ ሊደርሰው ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ዕድሜ ያስቆጠረው የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም በተራው ከሌላው አገር ጫፍ የመጡ ተማሪዎችን ይቀበላል። የመጀመሪያው መንፈቅ የብርድ፣ የምግብና የናፍቆት መንፈቅ ነው። ለሕግ የሚያበቃው ነጥብ የሚሠራው ወይም የሚፈርሰውም በዚያው መንፈቅ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መሠረት ራሱን ችሎ የራሱን መግቢያ ፈተና መስጠትና በራሳቸው ወጪ የሚማሩ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሯል። በአገሪቱ ረጅም ታሪክ ያለው የሕግ ትምህርት ቤት ያለው እዚያ ነው። ለጋምቤላ ወላጅ ይህ ማለት ከብሔራዊው ፈተና ላይ ሌላ ፈተና፣ ከዚያም የአዲስ አበባ ጉዞና ማረፊያ ማለት ነው። ነጥቡ ከፍ ያለ ተማሪ ሊሞክረው ይገባል። ዳር ዳር የሚል ተማሪ ግን ገንዘቡን ለሌላ ቢያውለው ይሻላል።

ሦስተኛው በር መውጫው ላይ ነው። ሕግ በዚህ ከሌሎች የትምህርት መስኮች ቀድሟል። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ የመውጫ ፈተናን አስተዋወቀ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም የሕግ ተመራቂዎች ይፈተኑ ጀመር። ሌሎች ትምህርቶች ይህንን የቀመሱት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በዚያ የመጀመሪያ አገር አቀፍ ፈተና ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት መስኮች ድምር ስለሆነ ስለ ሕግ ብቻ አይናገርም። በራሱ ወጪ የግል ኮሌጅ ለመግባት ለሚያስብ ግን ከምንም ምክር በላይ ይመክራል። የክፍያው ደረሰኝ በየመንፈቁ ይመጣል፣ ዲግሪው ግን የሚመጣው ያንን ፈተና ላለፈ ነው። የወደቀ እንደገና ተመዝግቦ መፈተን ይችላል፤ ፈተናው በዓመት ሁለቴ ስለሚሰጥ እዚህ ላይ ድጋሚ ርካሽ ነው፤ ዓመት ሳይሆን መንፈቅ ነው የሚወስደው። ትምህርቱ ገና በአእምሮ ውስጥ ትኩስ ሆኖ ሳለ ወዲያው መመለስ ያዋጣል።

በሮቹን በተርታ ማየት የሚያስፈልገው ዕድል ሲባዛ ስለሚያንስ ነው። ሪሚዲያልን የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 60፣ ሕግ የመመደቡ 50፣ የመውጫ ፈተናውን የማለፉ 62 የሆነ ተማሪ ቢኖር፣ የሕግ ዲግሪ የመያዝ ዕድሉ 18 ወይም 19 በመቶ ገደማ ነው። እያንዳንዱ በር ለየብቻ ሲታይ የሚያስፈራ አልነበረም። ተማሪው ሕግ ባይደርሰው ግን ባዶ እጁን አይቀርም፣ አስተዳደር ወይም ሌላ ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። ሕግ ካልሆነ ብሎ ፍሬሽማኑን ጥሎ ወደ ድጋሚ ፈተና የሚመለስ ተማሪ ይህንን ሁለተኛ ምርጫ በዜሮ ማስላቱ ነው።

እንግዲህ ዕዳው። እስከ 1995 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ምግቡም መኝታውም ትምህርቱም ነጻ ነበር። ደንብ ቁጥር 91/1995 ከወጣ በኋላ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ወጪ መጋራት መጣ፤ ግቢ ውስጥ ሁሉም ኮስት ሼሪንግ ነው የሚለው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይሸከማል። በየዓመቱ ውል ይፈርማል፣ ገንዘቡን ግን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ። ለመምህርነትና ለተመረጡ ሙያዎች በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድም ተከፍቷል። ሐሳቡ መነሻው ከአውስትራሊያ ነው። እዚያ በ1989 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከገቢ ጋር የተያያዘውን የተማሪ ብድር የነደፈው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ብሩስ ቻፕማን፣ የኢትዮጵያን የከፍተኛ ትምህርት ፋይናንስ በተመለከተ በዚያው አቆጣጠር በ1999 ጥናት ጽፎ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ይህ ዕዳ ብዙም የሚያስጨንቅ አልነበረም። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 22 ብር ነበር። ግቢ ውስጥ በዓመት 300 ቀን ይመገባል ብንል 6,600፣ በአምስት ዓመት የሕግ ትምህርት 33,000 ብር። በቀድሞው የ6,940 ብር መነሻ ደመወዝ በወር 694 ብር እየተቆረጠ አራት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። በ2017 ዓ.ም. የቀን በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። የገበያውን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ጭማሪው የዘገየ ነው፤ በ22 ብር ሰው ሦስት ጊዜ አይመገብም። ደንቡ የምግቡን ሙሉ ወጪ በተማሪው ስም የሚጽፍ ከሆነ ግን ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፤ በዓመት 30,000፣ በአምስት ዓመት 150,000 ብር። በ11,500 ብር ደመወዝ ወርሃዊው ተቆራጭ 1,150 ብር ነው፤ ለምግቡ ብቻ ወደ አሥራ አንድ ዓመት ይወስዳል። የመኝታውና የትምህርቱ ድርሻ በዚህ ላይ ይጨመራል።

አሥራ አንድ ዓመት ያስፈራል። ነገር ግን ይህ ዕዳ ከሌሎች ዕዳዎች የሚለይበት ጠባይ አለው፣ ሥራ የሌለው አይከፍልም። ለአበዳሪ በሬ ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ከተከፈለ የግል ኮሌጅ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ከላይ በወጣው ሒሳብ ውስጥ ትልቁ ወጪ 150,000 ብሩ አልነበረም፤ ሳይሠሩ ያለፉት አምስት ዓመታት 360,000 ብር ነበሩ። «ዕዳ ይበዛል» ብሎ ልጁን ከዩኒቨርሲቲ የሚያስቀር ወላጅ ትንሹን ቁጥር አይቶ ትልቁን ሳያይ ወስኗል። ዓመት በከንቱ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ወላጅም እንዲሁ።

ስለ ዕዳው መጠንቀቅ የሚገባው ነገር ወረቀቱ ነው። ተመራቂው እጁ ላይ የሚይዘው ጊዜያዊውን ማስረጃ፣ በተማሪዎች አጠራር ቴምፖውን፣ ነው። ኦሪጅናሉ የሚሰጠው ዕዳው ሲጠራ ነው። ሥራ የሌለው ተመራቂ ስለማይከፍል ኦሪጅናሉ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ይቆያል፤ ለውጭ አገር ትምህርት ማመልከት ሲፈልግ ወይም ኦሪጅናል ካላየሁ የሚል ቀጣሪ ሲያጋጥመው ይቸገራል። የሚረዳው ዘመድ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ከፍሎ ያወጣዋል። ዘመድ የሌለው ይጠብቃል። በዚህ በኩል ሥርዓቱ ለድሃው ደግ ነው ማለት ይከብዳል።

ጋምቤላ ውስጥ ከዚህ ስሌት ጎን የሚቆም ሌላ የተማሪ ወገን አለ። በጀዊ፣ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በንጉኝየልና በፑኝዶ መጠለያዎች የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ተማሪዎችም ያንኑ ብሔራዊ ፈተና ይፈተናሉ። ለእነሱ ከሚቀርቡት የትምህርት ዕድሎች የታወቀው ዳፊ የሚባለው፣ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ከ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ነው። ዕዳ አያስከትልም፤ ቦታው ግን ጥቂት፣ ውድድሩም ብርቱ ነው። ከተማው ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄደው ለአንድ ፈተና የሚያጠኑ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ዜጋ አንዱ ስደተኛ፣ ከፈተናው በኋላ ያላቸው ሒሳብ ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ዲግሪውን ይዞ ወደ ክልሉ የሚመለስ ሰው ምን ይጠብቀዋል? ሕጉን የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ችሎቱ የሚካሄደው በአማርኛ ነው። ፊቱ የሚቆመው ባለጉዳይ የሚናገረው ኑዌርኛ ወይም አኝዋኛ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አስተርጓሚ ይጠራል። የክልሉን ቋንቋና አማርኛን አጣምሮ የያዘ የሕግ ባለሙያ እዚህ ላይ ያለው ዋጋ በነጥብ አይለካም። ደግሞም ከፍርድ ቤቱ ጎን የቆየ ሥርዓት አለ። የኑዌር የግድያ ካሳ በከብት መከፈሉና የነብር ቆዳ የሚለብሰው ሽማግሌ ደም ማድረቁ፣ እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ዓለም ያወቀው ነገር ነው። ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ የተመደበ ወጣት የወንጀል ሕጉን ይዞ ከዚህ ሥርዓት ጋር በየሳምንቱ ይገናኛል። ሁለቱን ማስታረቅ በመውጫ ፈተናው ውስጥ የለም።

ለዕዳው መክፈል ሲጀምር ደመወዙ 1,150 ብር ተቆርጦ ይመጣል። ጭማሪ ሲያገኝ ተቆራጩም አብሮ ይጨምራል፣ ዕዳውም ቶሎ ያልቃል። በግሉ ጠበቃ ሆኖ መሥራት ከፈለገ ግን አሠሪ ስለሌለው ክፍያውን ራሱ ነው የሚፈጽመው። ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ሲሆን ለዚያም ሌላ የመግቢያ ፈተና አለ። በክልሉ ፍርድ ቤቶች ለመቆም የሚያስፈልገውን ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው ክልሉ ነው። አዲስ አበባና ጋምቤላ እየተመላለሰ ሁለቱንም ፈቃድ መያዝ የሚፈልግ ጠበቃ ለሁለቱም ማመልከት፣ የፌዴራሉን ፈተናም በሕግ ዲግሪው ላይ ጨምሮ ማለፍ ይኖርበታል።